ማርሚታ የሌለው ተሳላሚ

ዛሬ ደብረ ወርቅ ላይ አንድ ሰው የማርያምን በዓል ብቻውን በተነው። ጦር አልያዘም። ጠብመንጃ አልያዘም። ክፉ ቃል እንኳ አልወጣውም።

ሰውየው እኔ ነኝ።

ሳቁ፤ ግድ የለም። ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ፤ መጨረሻው ላይ የማስቸግራችሁ ነገር አለኝ።

የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ። ደብረ ማርቆስ፣ ጣሊያን ካሚዮኖቹን ከሚያስጠግንበት ጋራዥ ብሎን አጥባለሁ። ጥገናውን ማንም አላስተማረኝም፤ እያየሁ ነው የለመድሁት። ብዙ አልናገርም። ግን አንድ ብሎን ከቦታው ጎድሎ ካየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሞተር ብስክሌቱን ያገኘሁት ከጋራዡ ጓሮ ነው። ሁለት ተሰባብረው የተጣሉ ነበሩ፤ ከሁለቱ አንድ አወጣሁ። አለቃችን አየውና ሳቀ፤ «ከሄደልህ ውሰደው» አለኝ።

ሄደ።

የጎደለው ማርሚታ ብቻ ነበር። ከጭሱ መውጫ የሚገጠመው፣ ድምፁን የሚያፍነው ቆርቆሮ ማለቴ ነው። የሁለቱም ዝጎ ተበሳስቷል። ፈልጌ መግጠም እችል ነበር። ግን ሞተር ሲታመም መጀመሪያ የሚናገረው በድምፁ ነው፤ ባይታፈን ይሻለኛል አልሁ።

ብልህ ነኝ፣ አይደል?

አሁን ወደ ስለቱ እንምጣ። ታላቅ ወንድሜ ዱር ከገባ ዓመት አልፎታል። ስሙን አልጠራም፤ ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ይኑር ይሙት የሚነግረን አጣን። እናቴ መንገደኛ ባየች ቁጥር ፊቱን ትታ አረማመዱን ማየት ለመደች።

እኔም ለደብረ ወርቅ ማርያም ተሳልሁ። ጧፍ ይዤ ደጅሽን ልሳም፣ አንቺ ደግሞ ወንድሜን አሳዪኝ አልኋት።

እናቴ ከጎረቤቶቿ ጋር ቀድማ ሄደች። «ተሳላሚ በእግሩ ነው የሚሄድ። አብረኸን ና» ብላኝ ነበር። የተሰጠኝ ፈቃድ ግን የአንድ ቀን ነው። እግር በአንድ ቀን አያደርስም። ሞተር ያደርሳል።

ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ጧፉን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ እንዳይወድቅ ከሞተሩ አጠገብ አጥብቄ አሰርሁት። ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ አየሁት።

እስከ ሉማሜ ያለው ጥርጊያ መንገድ ነው። ከዚያ ወዲያ የበቅሎ መንገድ። ግራና ቀኝ ጤፉ ቢጫ ሆኖ አጭዱኝ ይላል፤ ሰው ግን የለም። እንደዚያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ጮክ ብዬ ጸለይሁ። የራሴን ድምፅ እኔ አልሰማሁትም፤ እሷ ትሰማለች ብዬ ቀጠልሁ።

አንድ ወንዝ ዳር የአንድ ሽማግሌ አህያ ደንብራ ጭነቷን ጣለች። ሞተሩን አቁሜ ጭነቱን አብረን መለስነው።

«ለመሆኑ ምንድን ነህ አንተ?» አሉኝ።

«ተሳላሚ ነኝ አባባ። ደብረ ወርቅ ልሄድ ነው።»

«ይኸስ?»

«ሞተር ነው።»

«እሱም ሊሳለም ነው?»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። «ልጄ፣ አፉን ዝጋውና ግፋው። እዚህ አገር እንዲህ እያጓራ የመጣ ደግ ነገር አይተን አናውቅም።»

«ድምፁ እኮ ደህና መሆኑን ነው የሚናገረው አባባ።»

«ለማን?» አሉኝ።

ለማን። ጥያቄው የገባኝ ከደረስሁ በኋላ ነው።

የደብሩ ዳገት ከባድ ነው። ሞተሩ እንዳይጠፋብኝ ቤንዚኑን ለቀቅሁለት። ታዲያ ያን ጊዜ የተሰማው ድምፅ የሞተር አልነበረም፤ የጦር ነው።

ደጀ ሰላሙ ጋ ደርሼ አጠፋሁት። ቤንዚኑን ዘጋሁ፣ እጄን ጠረግሁ፣ ነጠላዬን አስተካከልሁ።

ሰው የለም።

ከዛፉ ሥር አንድ ከበሮ በጎኑ ተኝቷል። የተቆረሰ ዳቦ፣ የተደፋ ጠላ። አንዲት ነጠላ እሾህ ላይ ተንጠልጥላ ትወዛወዛለች። እኔ ምን አሰብሁ መሰላችሁ? አርፍጄ፣ በዓሉ አልፎኝ!

በሩን አንኳኳሁ። ከውስጥ ተቀርቅሯል።

«ማን ነህ?» አለኝ አንድ ድምፅ።

«ተሳላሚ ነኝ።»

መቀርቀሪያው ከውስጥ ሲጠብቅ ሰማሁ። «ስንት ሆናችሁ መጣችሁ?»

«ብቻዬን ነኝ አባቴ።»

«ያ ሁሉ ጩኸት ያንድ ሰው ነው?»

ይኸን ጊዜ እናቴ ከወይራዎቹ መካከል ወጣች። ቀሚሷን እሾህ ይዞታል። አየችኝ። ሞተሩን አየችው። እንደገና አየችኝ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እምዬ።»

መሬት ላይ ቁጭ አለች። ቀኝ እጇን ጨብጣለች፤ አልፈታችውም።

«አሁን እዚህ ነበር» አለች።

«ማን?»

መልሱን ሳትነግረኝ አወቅሁት።

ወንድሜ ጋቢ ተከናንቦ ከተሳላሚው ጋር ተቀላቅሎ ነበር። ደህና ነው። ከስቷል። ፊቱን ዳብሳዋለች። ዳቦ ቆርሳ ልታጎርሰው እጇን ስትዘረጋ ከዳገቱ በታች ሞተር ተሰማ። «መጡ። አንድ ሰው ሸጦኛል፤ ከእንግዲህ እዚህ አልመጣም» አላት። ከዚያ ከደብሩ ጀርባ ያለውን ገደል ወረደ።

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «በሞተር ልከተለው።»

አዎ፣ ብያለሁ። እናቴ ያየችኝን አስተያየት ለማንም አልመኝም።

ወደ ገደሉ አፍ ሮጥሁ። ስሙን ልጠራ አፌን ስከፍት እናቴ ደርሳ በግራ እጇ ከደነችው። እውነቷን ነው። ያ ስም በዚህ ዘመን አይጮኽበትም። ወደ ታች ቁጥቋጦውን ብቻ አየሁ። አንድ ቦታ ላይ ቅጠል ሲነቃነቅ ያየሁ መሰለኝ። ነፋስም ይሆናል።

ሰው አንድ በአንድ ወጣ። ልጆች አቅፈው የተደበቁ፣ ሲሮጡ ጉልበታቸው የተላጠ። ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የደብሩ መሪጌታ ቀረቡኝ። ከበር ውስጥ ይጠይቁኝ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

«ስለትህ ምን ነበር ልጄ?»

«ወንድሜን እንድታሳየኝ ነበር የኔታ።»

እናቴን አዩ፣ እኔን አዩ።

«እንግዲያው ስለትህ ደርሶ ነበር» አሉኝ። «ከዚያ አንተ ደረስክ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። እናቴም ፊቷን ሸፍና ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አላየሁም። ሁለቱም ይመስለኛል።

ጧፉን ልስጥ ብዬ ጨርቁን ፈታሁ። በሞተሩ ሙቀት ቀልጦ እንደ ድንጋይ አንድ ላይ ሆኗል። ቋጠሮው ግን እንዳሰርሁት ነው፤ አልላላም። መሪጌታው ጉብታውን ተቀበሉኝ፣ አገላበጡት። «ክሩ እስካለ ይበራል» አሉ።

ደጁን ስሜ ወጣሁ። ሞተሩን አላስነሳሁትም። እየገፋሁት፣ እናቴ ከጎኔ፣ ተመለስን። ተሳላሚ በመጨረሻ በእግሩ ሄደ።

መሽቶብን እዚህ መንደር፣ ከእናንተ ከደግ ሰዎች ቤት አርፈናል። ነገ ጋራዥ አልደርስም። ይቅር።

ቅድም መንገድ ላይ እናቴ ቆመችና እጇን ዘረጋችልኝ። ቀኝ እጇን። የወንድሜ ጉርሻ እስካሁን ውስጡ ነበር።

«ብላ» አለችኝ። «የወንድምህ ነው።»

ጎረስሁት።

አሁን የማስቸግራችሁ ይህን ነው። ከእናንተ ወደ ቆላው የሚወርድ፣ ጫካ ዘመድ ያለው አይጠፋም። ደብረ ወርቅ ላይ ሸጡኝ ብሎ የሚያማርር ሰው ከሰማችሁ፣ ስሙን ሳትጠይቁ እንዲህ በሉልኝ፦ ማንም አልሸጠህም። የመጣው ጣሊያን አይደለም። ያ ብሎን የማይረሳው ወንድምህ ነው፤ ድምፁን ማፈን ረስቶ። እናትህ ትመጣልኛለህ ብላ መንገዱን ታያለች።

አውቀዋለሁ፣ ይስቃል። ሲስቅ የሰማችሁት እንደሆነ ስለቴ ደረሰ ማለት ነው።

እስከዚያው ግን፣ የትም ተጥሎ ያያችሁት ማርሚታ የለም?