የመልበሻ ክፍሉ ለቅሶ

ጸጥታ መንፈስን ያድሳል የሚሉ ሰዎች ጉለሌ ያላደጉ መሆን አለባቸው። እኛ ሰፈር አሥር ሰው አንድ ክፍል ተቀምጦ ዝም ካለ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ሌላ ምን ያስማማቸዋል?

ሰፈራችን ያለው ትንሽ ቲያትር ቤት አዲስ የመልበሻ ክፍል ሠርቷልና ዘግብልን ተብዬ ሄድኩ። አርክቴክቷ ሲሚንቶና ፕላስቲክ እንዳይገባ ከልክላ ግድግዳውን በጭድና በጭቃ አስመርጋለች። ከአሮጌው መድረክ ጣውላ ዝቅ ያሉ አግዳሚዎች አሠርታለች። ተዋንያኑ እንዲረጋጉም በሹክሹክታ ብቻ አውሩ ብላለች። ይህን ሁሉ ግን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። በሩን ስከፍት ያየሁት ደብዛዛ መብራት፣ የጭቃ ግድግዳና አንገታቸውን የደፉ ሰዎች ነው። ማስረጃው ተሟልቷል። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብዬ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ማን ሞተ ብዬ አልጠየቅሁም፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ እንዲህ የሚል ማን አለ?

ከግማሽ ሰዓት በኋላ መድረክ ወጥታ ሕዝቡን ልታስቅ የተዘጋጀችው ተዋናይት ሰናይት ቃሌን ሰምታ ቀና አለች። መርዶ የተደበቀበት ሰው እንዴት እንደሚያዝ ታውቃላችሁ፤ ሁሉም ድንገት ጨዋ ይሆናል። ለካ የዚያን ቀን ዳይሬክተሩ እንኳ አልጮኸባትም።

«እማዬ ናት አይደል?» አለች።

ማንም አልሞተም ብለው ማሉላት። መርዶ የደበቀ ሰውስ ሌላ ምን ይላል? እናትሽ አዳራሹ ውስጥ ናቸው ቢሏትም አላመነችም። ኩሏ ጉንጯ ላይ ወረደ። ዳይሬክተሩ ትርኢቱ ቀረ ብሎ ራሱን ያዘ።

እኔ የማምነው በተጨባጭ ነገር ስለሆነ እናትየውን፣ እማማ ተዋበችን፣ ከፊት ወንበር አንስቼ አመጣኋቸው። ከቆመ ሰው በላይ ምን ማስረጃ አለ? እማማ ግን ግድግዳውን አዩ፤ የተቀመጡትን አዩ፤ የምታለቅሰውን ልጃቸውን አዩ። ነጠላቸውን አዘቀዘቁና አጠገቧ ቁጭ ብለው ቀብሩ ስንት ሰዓት እንደሆነ በቀስታ ጠየቁኝ።

ሰናይት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። በዚያው ሳቅ መድረክ ላይ ወጣች፤ አዳራሹም አብሯት ሳቀ። ፊት ወንበር ላይ ካሉት ከእማማ በቀር። ማንም አልሞተም ብዬ ሦስት ጊዜ አስረዳኋቸው፤ ሦስቱንም ጊዜ በሐዘኔታ እጄን ያዝ አደረጉኝ። መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነውና እስኪነጋ የምደብቃቸው መስሏቸዋል።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። እማማ ተዋበች ከእድራቸው ሁለት ሴቶች አስከትለው ቆመዋል።

«በል ልጄ፣ ነጋ» አሉኝ፤ «አሁን ንገረኝ።»