ሙሉ ውክልና

በዚህ ከተማ እውነተኛው የውጭ ዜጋ የሰው ጉዳይ ይዞ ቢሮ ለቢሮ የሚዞረው ሐበሻ ነው። ፓስፖርት የለውም እንጂ ሰፈሩ ሲገባ ማንም አያውቀውም። ከየት አመጣኸው እንዳትሉኝ፤ ከራሴ ነው ያመጣሁት።

ሜክሲኮ ለባቡሩ ተቆፋፍሮ በነበረበት ጊዜ ኦርሃን የሚባል ቱርካዊ ወደ ሰፈራችን ወደ ጠመንጃ ያዥ መጥቶ ከቤታችን ፊት ለፊት ሁለት ክፍል ተከራየ። የሸሚዝ ቁልፍ የሚያመርት ኩባንያ ሊያቋቁም ነው። አማርኛ ስለማይችል ኩባንያውን እንዳስመዘግብለት ሙሉ ውክልና ሰጠኝ። ፈቃዱ ሲወጣ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ሆኜ በሚሽከረከር ወንበር ልቀመጥ ነው። ባለቤቴ ስንዱ ወንበሩን ለሰፈሩ ሁሉ አወራችው።

ውክልና አንብባችሁ ታውቃላችሁ? «በእኔ ስም ይቀርባል፣ ይፈርማል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል...» ይላል። አንብቤ ስጨርስ ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ወረፋ ነው። የኩባንያው ስም ተይዟል ተባልኩ። ቀየርኩ፤ እሱም ተይዟል። ፎርሙ በሰማያዊ እስክሪብቶ ይሞላ ተባልኩ። በሰማያዊ ሞልቼ ስመለስ ያዘዘችኝ ሠራተኛ የዓመት ፈቃድ ወጥታለች፤ የተተካው ደግሞ የሚወደው ጥቁር ነው። በአራተኛው ወር «ኢንቨስተሩ መጣ» ይሉኝ ጀመር። አንዱማ ሻይ ጋብዞኝ፣

«አገራችንን እንዴት አገኟት?» አለኝ።

«ሕዝቡ ጥሩ ነው» አልኩት። «አግዳሚ ወንበሩ ግን ይቆረቁራል።»

ኦርሃንስ? ጉዳዩን ሁሉ እኔ ስለያዝኩለት ሥራ ፈታ። ሥራ የፈታ ሰው ጠመንጃ ያዥ ውስጥ ብቻውን አይተውም። አንድ ጠዋት የዕድሩ ጥሩምባ ሲነፋ ምን እንደሆነ ሊያይ ወጣ፤ ሰዎች ድንኳን ሲጎትቱ አገኘና አንዱን ጫፍ ያዘ። በቃ። ከዚያ ወዲህ ልደታ ማርያም ድረስ ያልሸኘው አስከሬን የለም። እኔ በእሱ ስም ስሰለፍ እሱ በእኔ ፋንታ ያስተዛዝናል።

ታዲያ አንድ ቀን የዕድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ በየነ መንገድ ላይ አስቆሙኝ።

«ሦስት ቀብር ቀርተሃል። ደንቡን ታውቃለህ፤ ተሰርዘሃል።»

«ጋሽ በየነ፣ የኦርሃንን ጉዳይ ይዤ እኮ ነው። እሱ በእኔ ቦታ ተገኝቷል።»

«ኦርሃን የተገኘው ለራሱ ነው። ካለፈው ወር ጀምሮ አባላችን ነው። ቀብር በውክልና አይኬድም።»

እናንተ ትስቁ ይሆናል። እኔ ቤት ግን አማቴ እማማ ወርቄ አሉ። ለሁለት ሳምንት ሕክምና ብለው ከአምቦ መጥተው ይኸው ዓመት ሊሞላቸው ነው። ወሬውን እንደሰሙ ሻንጣቸውን አወጡ።

«ዕድር በሌለው ቤት አልሞትም» አሉ።

«ምን ሆኑና ይሞታሉ እማማ?»

«ብፈልግስ?»

ስንዱ ማልቀስ ጀመረች። እኔም እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ሐዘን ቢመጣ በራችን ላይ ማን እንደሚቆም ሳስብ አንድም ሰው አልመጣልህ አለኝ።

እሁድ ዕድሩ ስብሰባ ሄድኩ። ጋሽ በየነ ማመልከቻ ጠየቁኝ፤ ሰጠኋቸው። ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ጠየቁኝ፤ ይኼማ ከኪሴ ጠፍቶም አያውቅ። «የሚያውቅህ አባል ዋስ ጥራ» ሲሉኝ ግን ዞር ብዬ አየሁ። ቤቱ ሙሉ ሰው ነው፤ ሁሉም ጫማውን ያያል። ከኋላ ኦርሃን እጁን አወጣ።

«እኔ አውቃለሁ። ጎረቤት ነው። ጥሩ ሰው... ግን ሁልጊዜ የለም።»

ጋሽ በየነ በመዝገቡ ላይ «በሰፈሩ ነዋሪ በአቶ ኦርሃን ዋስትና፣ አዲስ ገቢ» ብለው ጻፉኝ። የተወለድኩት ከዚያ ቤት ሦስተኛው ግቢ ነው።

ፈቃዱ በዚያው ሳምንት ወጣ። ይዤ ብበር ኦርሃን ቤቱ የለም፤ ለቅሶ ሄዷል። ማታ መጣና አቀፈኝ፤ ወንበሩም እንደሚሽከረከር ማለልኝ። እማማ ወርቄ ሻንጣቸውን ገና አልፈቱም ነበር። ኦርሃንን አጠገባቸው አስቀመጡት።

«ልጄ፣ የሞትኩ ቀን ድንኳኑን አንተ ነህ የምትተክልልኝ?»

«እተክላለሁ፣ እማማ።»

«እሱማ ቢሮ ይሄዳል» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ እኔ እያመለከቱ። «እንግዲያው በጽሑፍ ይሁንልኝ።»

ውክልና በሞት ይቀራል ብዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ ማን ሰምቶኝ። ለቀብራቸው ሙሉ ውክልና ለኦርሃን ሰጡት፤ ሻንጣቸውንም ፈቱ። እኔ በምስክርነት ፈረምኩ።