መቆየት ትፈልጋለህ ሲሉኝ

መልካም ያድርገው በሉኝና ልንገራችሁ፤ ትናንት ሌሊት ያየሁትን ሕልም ለብቻዬ ይዤው መዋል አልቻልኩም።

በሕልሜ ወደ ሥራ እየሄድኩ ነበር። የምሠራው የማቀዝቀዣ በር በሚያመርት ፋብሪካ ነው፤ የምንኖረውም በዚሁ ፋብሪካ ዙሪያ በተቆረቆረች አንዲት ትንሽ የጀርመን ከተማ ውስጥ ነው። ከተማችን ሰሞኑን በሁለት ነገር ተወጥራለች፤ በሥራ መጥፋትና በምርጫ። በእውኑ ዓለም ፋብሪካው ከተቀዛቀዘ ቆይቷል፤ አንድ ቀን ገብተን አንድ ቀን ቤት እንቀመጣለን፤ አለቃችን ባለፈች ቁጥር ሁላችንም ፊቷን ለማንበብ እንሞክራለን። በየመንገዱ ደግሞ «የውጭ ሰዎች ይውጡ» የሚል ፖስተር ተሰቅሏል። እሱን ማንበብ ብዙ ሙከራ አይጠይቅም።

በሕልሜ ግን ሥራው ተጧጡፏል። የተጧጧፈው ወደ ኋላ ነው እንጂ። ማቀዝቀዣዎቹ ከየሰዉ ቤት በእግራቸው እየመጡ ይሰለፋሉ፤ እኛ በራቸውን እንነቅላለን፣ ብሎናቸውን እንፈታለን፣ ቆርቆሮውን ወደ መጣበት እንልካለን። እነሱ በተራቸው ደረታችንን እየከፈቱ ውስጣችን መብራት ይበራ እንደሆነ ያያሉ። የእኔን የከፈተው አንድ አሮጌ፣ የሚያቃስት ማቀዝቀዣ ነበር።

«ይበራል?» አልኩት ፈራ ተባ እያልኩ።

«መብራቱስ ይበራል። ባዶ ነው እንጂ» አለና ዘጋኝ።

አለቃችን ወይዘሮ ብራንት ጠረጴዛ ላይ ወጣች። «እንኳን ደስ አላችሁ!» አለች። «በዚህ ወር ምንም አላመረትንም! በሚቀጥለው ወር ከዚህም ያነሰ እናመርታለን!» ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ ግን ድምፅ አልሰጥ አለኝ። ደግሜ ባጨበጭብም ያው ነው። የሌላው ሁሉ እጅ ይጮሃል፣ የእኔ ብቻ ዝም። ሰዎቹ ይህን አስተዋሉና እርስ በርስ ተያዩ። ፍርሃቱ የጀመረኝ እዚያ ላይ ነው።

ሹልክ ብዬ ወጣሁና አውቶቡስ ውስጥ ገባሁ። አውቶቡሱ ቆሟል። ተሳፋሪዎቹ ተመቻችተው ተቀምጠዋል፤ ሹፌሩና ተቆጣጣሪው ላብ እያጠመቃቸው ከኋላ ይገፋሉ። ከፊት ደግሞ ክራባት ያሰሩ ሰዎች አውቶቡሱ እንዳይነቃነቅ በእጃቸው ደግፈው ይዘው «በርቱ! ግፉ!» ይሏቸዋል። ከእነሱ አንዱ ማታ ማታ በቴሌቪዥን ስለ ኢኮኖሚ የሚያወራው ሰውዬ ነው።

«ምን ሆኖ ነው የማይሄደው?» ብለው አንዲት አሮጊት ጠየቁት።

«እየሄደ ነው እኮ፣ እመቤቴ። ዛፎቹም አብረውን ስለሚሄዱ ነው የቆመ የሚመስልዎት።»

ሞተሩን ላየው ያለ ሰው የለም። ብዙ ቆየን። ከዚያ አንዱ ከመሃል ተነስቶ «ከብዶ ነው!» አለ። ነገሩ ለሁሉም ወዲያው ገባው። «እውነትም ከብዶ ነው!» «ማነው ያከበደው?» ተባባሉና አንገታቸውን ወደ ኋላ ወንበር አዞሩ። ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ጭኔ ላይ አንድ ፌስታል ይዣለሁ።

«ዳቦ ነው እኮ» አልኩ ፌስታሉን ከፍቼ እያሳየሁ።

«እሱኑ ነው የምንለው» አሉ።

ከነፌስታሌ ወረድኩላቸው። አውቶቡሱ እንደቆመ ነው። ተሳፋሪዎቹ ግን «እፎይ፣ ቀለለን!» እያሉ ሲሳሳቁ በመስኮት ይሰማኛል።

አደባባዩ ላይ ምርጫ ነበር። እዚያ ታዲያ ሰው ፓርቲን አይመርጥም፤ ፓርቲ ነው ሰውን የሚመርጠው። ፓርቲዎቹ መታወቂያቸውን ይዘው ይሰለፋሉ፤ እኛ በየመብራት ምሰሶው ላይ ተለጥፈን እንጠብቃለን። እኔን ማን እንደለጠፈኝ አላየሁም፤ ያወቅኩት ሙጫው ጀርባዬን ሲቀዘቅዘኝ ነው። ውሾች እየመጡ ይገመግሙናል። አንድ እግረ አጭር ውሻ መነጽሩን አስተካክሎ ፊቴን አጠናና ለጓደኛው «ይሄኛው ቃሉን የሚጠብቅ አይመስልም» አለው። ልከራከረው ፈልጌ ነበር፤ ከውሻ ጋር በአደባባይ መጨቃጨቅ ደግሞ ደስ አይልም።

ከእኔ ዝቅ ብሎ ጋሽ ዲተር ተለጥፈዋል። ጋሽ ዲተር በእውኑ ዓለም ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጎረቤታችን ናቸው፤ ከፋብሪካው በጡረታ የወጡ፣ የልጄን ብስክሌት የሚጠግኑ ደግ ሽማግሌ። «ጋሽ» ያልናቸው እኛ ነን፤ ትርጉሙን ከነገርናቸው ወዲህ በባዶ ስማቸው ስንጠራቸው ቅር ይላቸዋል።

«ጋሽ ዲተር፣ ማን ነው የሚመርጠን?» አልኳቸው።

«ያው ያሉት ናቸዋ» አሉኝ፤ ሙጫው አንገታቸውን ስለያዛቸው ቀና ብለው ሊያዩኝ አልቻሉም።

ትልልቆቹ ነባር ፓርቲዎች በቃሬዛ ተኝተው መጡ። አንዱ በእንቅልፍ ልቡ «ጉዳዩን እያጤንነው ነው» ይላል፤ ሌላው ሲያንኮራፋ ቆይቶ «እኔም እንደ እሱ» ይላል። በእግሩ የመጣ አንድ ብቻ ነው፤ «ድሮ» የሚባለው ፓርቲ። ድሮዎች የሚራመዱት ኋሊት ነው። ፊታቸውን ወደ እኛ፣ ጀርባቸውን ወደሚሄዱበት አድርገው፣ ፈገግ እንዳሉ በሰልፍ ያፈገፍጋሉ። ግድግዳ ሲያጋጥማቸው ግድግዳው ብድግ ብሎ ያሳልፋቸዋል። ሕዝቡ በደስታ አበደ። የሚንቀሳቀስ ነገር ካየ ስንት ጊዜው ነበር!

ወዲያው ከምሰሶው ተላቅቄ ክፍል ውስጥ ተገኘሁ። የልጄ የምዕራፍ ትምህርት ቤት ነው። ከኋላዬ ባለቤቴ ውብአለም፣ ከእሷ ኋላ ምዕራፍ ተሰልፈዋል። ሰሌዳው ፊት አንዲት የድሮ ፓርቲ ሴትዮ ትልቅ ድስት አስቀምጣ፣ ጭልፋ ይዛ ቆማለች። ድስቱ ውስጥ ያለው ወጥ አይደለም፤ ወንበር ነው። ሴትዮዋ እያንዳንዱን ሰው አንድ ነገር ብቻ ትጠይቃለች፤

«መቆየት ትፈልጋለህ?»

ሰውየው «አዎ» ሲላት ወንበር ጨልፋ ትሰጠዋለች። ወንበር የደረሰው ይቀራል፤ ያልደረሰው በጓሮ በር ይወጣል። ጓሮው ውስጥ ያ አውቶቡስ ቆሟል። ሕጉ ይኸው ነው። ይህቺማ ቀላል ናት አልኩ በልቤ፤ አዎ ማለት ያቅተኛል እንዴ?

ተራዬ ደረሰ። ሴትዮዋ በጣም በትሕትና፣ ጭልፋዋን ዘርግታ፣ «መቆየት ትፈልጋለህ?» አለችኝ።

«ኧረ ግድ የለም፣ አትቸገሩ» አልኳት።

እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። አላውቅም ልበል እንጂ አውቃለሁ። የመጀመሪያውን ግብዣ የሚቀበል ሰው ስድ ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። መጀመሪያ «በልቼ ነው የመጣሁት» ትላለህ፤ ሲደግሙህ «ጠግቤያለሁ» ትላለህ፤ «በሞቴ!» ሲሉህ ያን ጊዜ ሳትወድ በግድህ መስለህ ትቀርባለህ። ሆድህ እየጮኸም ቢሆን ሥርዓቱ ይኸው ነው። ስለዚህ «አትቸገሩ» ብዬ፣ አንገቴን ደፋ አድርጌ፣ እሷ «በሞቴ» እስክትለኝ መጠበቅ ጀመርኩ።

ሴትዮዋ ጭልፋዋን ወደ ድስቱ መለሰችው። «እሺ። ስለ ትብብርህ እናመሰግናለን» አለች።

«እ... ማለቴ...»

«የሚቀጥለው!»

«ኧረ በደንብ ጠይቂኝ!» አልኳት።

«ጠየቅኩህ እኮ።»

«አንዴ ነው የጠየቅሽኝ!»

«ስንቴ ልጠይቅህ? አልፈልግም አልክ፤ ፍላጎትህን አከበርን።»

ዞር ብዬ ውብአለምን በዓይኔ ጠቀስኳት። «በመጀመሪያው አዎ በዪ!» ልላት ፈለግኩ፤ ሙጫው አፌ ውስጥ ገብቶ ምላሴን ያዘኝ። ውብአለም ደግሞ ሰው ቤት ጠምቷት እንኳ ውሃ ሲሰጧት የማትቀበል ሴት ናት። ሻርፗን አስተካከለችና «እኔ ቆሜም እሆናለሁ፤ ለሌላ ሰው ስጡት» አለች። ሴትዮዋ እጇን ጨብጣ አመሰገነቻት።

ምዕራፍ ቀረበች። ምዕራፍ እዚሁ ተወልዳ ያደገች የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ ሲሰጧት ትቀበላለች፣ ሲጠይቋት የልቧን ትናገራለች። ጥያቄው ሳያልቅ «አዎ!» አለች። ወንበር ተጨለፈላት። መስኮቱ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠችና «አባዬ፣ ኑ እንጂ! እዚህ ጋ ቦታ አለ!» ብላ ጠራችን።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ልጄ ልትቀር ነው፤ እኛ ልንሄድ ነው። በእውኔም በሕልሜም እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

«እፈልጋለሁ! መቆየት እፈልጋለሁ!» እያልኩ ድሮዎችን ፍለጋ ወደ አደባባዩ ሮጥኩ። አገኘኋቸው፤ ግን ኋሊት ስለሚሄዱ ፊት ለፊት እየተያየን እኔ በሮጥኩ ቁጥር እነሱ እየሳቁልኝ ይርቃሉ።

«አልፈልግም ብለህ ነበር» አሉኝ በአንድ ድምፅ።

«ያ እኮ ጨዋነት ነው!»

«ጨዋነትህን ወደነዋል። በዚያው ቀጥልበት።»

ጋሽ ዲተር ወንበር ደርሷቸው መንገድ ዳር ተቀምጠው ነበር። ጉልበታቸው ላይ ወደቅኩ። «ጋሽ ዲተር፣ እርስዎ ያውቁኛል! አንድ ጊዜ ብቻ በሞቴ ይበሉኝ፤ ወዲያው እሺ እላለሁ፤ ያልቃል!»

ጋሽ ዲተር አዘኑ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ዘርጋው ልጄ፣ ብልህ ደስ ይለኝ ነበር» አሉ በስሜ ጠርተውኝ። «ግን ሞቴ ላይ ነው የተቀመጥኩት። ላወጣው ብድግ ካልኩ ወንበሩን ይወስዱብኛል።» ይህን ብለው ወንበሩን በሁለት እጃቸው ግጥም አድርገው ያዙት። እኔም እሳቸውን ማስጨነቅ አሳፈረኝና ልብሴን አራግፌ ተነሳሁ።

ከዚያ እኔና ውብአለም አውቶቡሱ ውስጥ፣ ኋላ ወንበር ላይ ነን። ሹፌሩና ተቆጣጣሪው ገፉ። ያ ቀኑን ሙሉ የቆመ አውቶቡስ ንቅንቅ አለ! ከተማው በጭብጨባ ተናወጠ። የቴሌቪዥኑ ሰውዬ ክራባቱን ፈትቶ እያውለበለበ «ሄደ! ነግሬያችሁ አልነበር!» ይላል። አውቶቡሱ የሚሄደው ግን ቁልቁል፣ ወደ ፋብሪካው ግድግዳ ነው። ያ ግድግዳ ብድግ የሚል ዓይነት አይመስልም። ሰዉ «ጠብቁን!» እያለ እየሮጠ ይንጠለጠላል፤ ወይዘሮ ብራንት፣ አሮጊቷ፣ ባለ መነጽሩ ውሻ ሳይቀር።

«ተዉ፣ አትግቡ! ፍሬን የለውም!» አልኳቸው።

«አሁንማ ይሄዳል፤ እናንተ ወርዳችኋላ» አለኝ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ።

«አልወረድንም! ይኸው ከጎንህ ነን!»

«ዝም በል፤ ደስታችንን አታበላሽብን።»

በመስኮት ምዕራፍን አየኋት። ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ቀርታለች። የተቀመጠችበት ወንበር እያደገ፣ እያደገ፣ እግሯ መሬት አልደርስ አላት። መውረድ ፈልጋ ቁልቁል ታያለች፤ ከፍታው ያስፈራታል። አፏ ይንቀሳቀሳል፤ የምትለው አይሰማኝም። ውብአለም እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛለች፤ ሰው ይሰማል ብላ ግን ድምፅ አታወጣም። ግድግዳው ቀረበ። እኔ ባለ በሌለ ኃይሌ «እፈልጋለሁ! እፈልጋለሁ!» ብዬ ጮህኩ።

«ምን ትፈልጋለህ?»

ምዕራፍ ናት። በፒጃማዋ አልጋዬ አጠገብ ቆማ ትከሻዬን ትነቀንቃለች። ነግቷል። እሑድ ነው፤ ምርጫው ዛሬ ነው። እኔና እናቷ የመምረጥ መብት ስለሌለን የትም አንሄድም። ላብ በላብ እንደሆንኩ ጎትቼ አቀፍኳትና እንዳትደነግጥ እየሳቅኩ ሕልሜን ነገርኳት። በማቀዝቀዣው ሳቀች፤ በውሻው ሳቀች። «መቆየት ትፈልጋለህ» የሚለው ጋ ስደርስ ሳቋን አቆመች።

«አባዬ፣ አርብ ዕለት እኛም ምርጫ ተጫውተን ነበር» አለችኝ። «በዕረፍት ሰዓት። እጅ እያወጣን።»

«ማን አሸነፈ?»

«እነዚያ፣ የውጭ ሰዎች ይውጡ የሚሉት።»

«ብዙ ልጅ መረጣቸው?»

«ሁሉም።»

«ሁሉም ስትዪ... አንቺስ?»

የፒጃማዋን እጅጌ ጠመዘዘች። «ሁሉም እጃቸውን አወጡና እኔን አዩኝ። እኔ ብቻዬን ባላወጣ... አፈርኩ፣ አባዬ።»

ልቆጣት ብዬ ነበር፤ ግን በምን አፌ? ሰው ቤት በወሰድኳት ቁጥር «ኧረ እንደ ሰው ልጅ ትንሽ እፈሪ!» እያልኩ ያሳደግኳት እኔ ነኝ።