በጾም የሚጠጣ ቫይታሚን

ቫይታሚን የሚባለውን ነገር በዓይኑ ያየ አለ? እኔ አላየሁም። ቢሆንም እዚህ አዲስ አበባ «ቫይታሚን አለው» ከተባለ ጠያቂ የለም፤ ይበላል፣ ይጠጣል። በተለይ እንደኔ ፊደል እምብዛም ያልዘለቀን ሰዎች፣ ስሙን ከሰማን ይበቃናል።

ጓደኛዬ ዘሪሁን ቄራ ሥጋ ቤት ነበረው። ሥጋ ሻጭ በሁዳዴ ሥራ ፈት ነው፤ ስለዚህ ጾሙ ሲገባ እኔ ልብስ ወደምሰፋበት ካዛንቺስ እየመጣ ዑራኤል አብረን እናስቀድሳለን። ከሰዓት ቅዳሴው ሲያልቅ፣ ውሃ እንኳ ያልነካውን ሆዳችንን ይዘን ቀጥታ ጁስ ቤት! ማንጎው፣ ፓፓያው፣ አቮካዶው ተደራርቦ፣ ስኳር ተጨምሮበት በትልቅ ብርጭቆ ይመጣል። ሥጋ የለው፣ ወተት የለው፣ በዚያ ላይ ቫይታሚን። እናንተስ ብትሆኑ ምን ኃጢአት ታገኙበታላችሁ?

አንድ ዓመት፣ ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ ውሃ ጥሙ አላስቀምጥ አለኝና ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ስኳር ነው ተባልኩ።

«አባባ» አለችኝ ነርሷ፣ «ቫይታሚኑን ከጎመኑም ከቃሪያውም ያገኙታል። ፍራፍሬም በልክ ይብሉ። አኝከው ሲበሉት ስኳሩ ቀስ ብሎ ነው ደም ውስጥ የሚገባው፤ ጁሱ ግን በአንዴ ነው የሚያሻቅብብዎት። ይተዉት በቃ።»

እሺ አልኩ። ግን በሽታውን ማን ያወራል? እኛ እኮ ለእግዚአብሔርም የምንነግረው በሹክሹክታ ነው።

ሁዳዴ ገባ፤ ዘሪሁን መጣ፤ ጁሱም መጣ።

«ዛሬ ይለፈኝ» አልኩት።

«ምነው፣ ተቀየምከኝ እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም!»

«እንግዲያው በሞቴ!»

በሞቴ ከተባለ ምን ይደረጋል? ጠጣሁ። እሱ ግን የራሱን በማንኪያ ማማሰል ያዘ።

«አንተስ?»

«ሆዴን ነፋ አድርጎኛል።»

ለብቻዬ ጠጥቼ ልቀር? «አፈር ስሆን!» አልኩት። ጨለጠው። እንዲህ በፍቅር ስንገዳደል ጾሙ አለቀ።

ክረምት ላይ ጤና ጣቢያ ወረፋ ስጠብቅ፣ የተወጋ ጣቱን በጥጥ ይዞ ከምርመራ ክፍል የሚወጣ ሰው አየሁ። ዘሪሁን!

«አንተም?» አልኩት።

«ቆየብኝ እኮ። ካቻምና ነው የነገሩኝ።»

«ታዲያ ለምን በሞቴ ትለኛለህ?»

«አንተ እንደ ጤነኛ ተቀምጠህ አፈር ስሆን ስትለኝ፣ ታምሜያለሁ ልበልህ?»

እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ሳቁ ግን አልከረመም፤ ዓይኑ እየደከመ፣ እየደከመ ሄደና ሥጋ ቤቱን ዘጋ። ከጁሱ ነው ብዬ አልምልም፤ በሽታውም የቆየ ነው። ግን አንዳችን ቀድመን አፋችንን ብንከፍት ምን ነበረበት? ጸሎት ላይ ቆሜ እንኳ የምትመጣብኝ ይቺ ናት።

አሁን እኔ ነኝ ቄራ፣ ቤቱ ድረስ የምሄደው። አንዲት ብርቱካን ልጬ እሰጠዋለሁ፤ እሱ ለሁለት ይከፍላታል። በጣቱ ዳስሶ ተለቅ ያለውን ይመርጥና ይዘረጋልኛል።

«በሞቴ» ይላል።

እጁ የሚዘረጋው ግን እኔ ወደሌለሁበት ነው። ኮቴዬን ሳላሰማ ተነስቼ፣ እጁ ወዳለበት ዞሬ እቀበለዋለሁ።

እንደሳተኝ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።