በሁዳዴ የሚረዝም ስንዝር

ስንዝሩ በሁዳዴ የሚረዝም ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ኦጎልቾ ሱቅ በነበረኝ ጊዜ፣ የዝዋይ ሐይቅን ዓሣ እንዲቆጣጠር ከአሰላ የተላከ ሰው ነበር። ደንቡ አጭር ነው፤ ከአንድ ስንዝር ያነሰ ዓሣ ከውኃ አይወጣም፤ ከወጣም ይወረሳል። በማን ስንዝር? ደንቡ አይናገርም። ስለዚህ በተቆጣጣሪው ሆነ።

በፍስኩ ወራት ስንዝሩ እንደማንኛችንም ነበር፤ ሥጋ እያለ ዓሣ ምን ያደርግለታል? ሁዳዴ ሲገባ ግን ጣቶቹ ይለጠጡ ጀመር። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለካህናት ልተወው።

አንድ ጠዋት ጋሽ በዳሶ የሚባሉ ሽማግሌ አጥማጅ፣ መረባቸውን በትከሻቸው አድርገው፣ የክንዴን ግማሽ የሚያህል ዓሣ ይዘው መጡ። ተቆጣጣሪው አውራ ጣቱን ጭራው ላይ ተክሎ እጁን እስኪንቋቋ ዘረጋው።

«ገና ልጅ ነው። ይወረሳል» አለ።

«ጌታዬ፣ ልጅ ከሆነ ወደ ውኃው ይመለስ እንጂ! እርስዎ ቤት ሄዶ ያድጋል?» አሉ ጋሽ በዳሶ።

ስለ ጥያቄያቸው መረባቸውም ተወረሰ። ከዚያ ወዲህ ሐይቁ ዳር አላየኋቸውም፤ ቤተሰባቸውን በምን እንዳሳደሩ እግዜር ይወቅ።

በፋሲካ ማግስት የሰውየው እጅ ወደ ልኩ ተመለሰ። እኛም አቤት አልን፤ አቤቱታችን ተሰማና ከሥራው ተነሣ።

በእሱ ምትክ የተላከው ተቆጣጣሪ ከመኪና ሲወርድ ፊቱን ልብ ያለ ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም የምናየው እጁን ነበር። ፈገግ ብሎ ለሰላምታ ዘረጋልኝ። ሲጨብጠኝ ጣቶቹ የእጄን አንጓ አልፈው ሄዱ።