ወደ ፕሮፌሰሩ ቤት የተላኩት ሽማግሎች

በዚህ በአሜሪካ ሰው የማያጠናው ነገር የለም። የዓሣ እንቅልፍ የሚያጠና አለ። ሰው ሊፍት ውስጥ ሲገባ ለምን ፊቱን ወደ በሩ እንደሚያዞር የሚያጠና አለ፤ ይህን የነገረችኝ ቤቷን የማጸዳላት ሴትዮ ናት፤ አጥኚው ባሏ ነው። እኔ ስድስተኛ ክፍልን አልጨረስኩም፤ ስለዚህ በተማረ ሰው ላይ አልፈርድም፤ ዝም ብዬ አያለሁ። እኛ ዘንድ ግን፣ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ትምህርት ማለት ነርስ ነው፣ ፋርማሲ ነው፣ ኮምፒውተር ነው። ከነዚህ የወጣ ልጅ ያላት እናት ለቅሶ ቤት ተቀምጣ "ልጅሽ ምን እየተማረ ነው?" ስትባል "ገና እየመረጠ ነው" ትላለች። ልጁ ሠላሳውን አልፏል። እየመረጠ ነው።

ጎረቤቴ ራህመት ይህቺን መልስ እንኳ አልታደለችም። ልጇ ሰሚራ መርጣለች፤ ያውም እስከ ዶክትሬት ድረስ። ምን መረጠች? ፈረንሳይ ውስጥ በስተምዕራብ፣ ባሕሩ ዳር፣ ብሬታኝ የሚባል አገር አለ። እዚያ ገበሬውና ዓሣ አጥማጁ ሲናገረው የኖረ፣ ከፈረንሳይኛ ጋር የማይገናኝ ብሬቶን የሚባል ቋንቋ አለ። ቋንቋው እየሞተ ነው፤ ሰሚራ አሟሟቱን ታጠናለች። እሱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ድሮ ፓሪስ ውስጥ ሱሪያሊስት የሚባሉ ጸሐፊዎች ነበሩ፤ ሥራቸው ህልምን እንዳለ መጻፍ ነው፤ ሐሳብን አሳርፎ እጅን መልቀቅ፣ የመጣውን ሳይመርጡ ማስፈር። እነሱንም ትጨምራለች። ይህን ስታስረዳኝ "እኔ በአፌ የማደርገውን እነሱ በብዕር አደረጉት ማለት ነው?" ብላት ሳቀችና "ኤግዛክትሊ፣ እትዬ ብርቄ!" አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱሪያሊዝም አይከብደኝም።

ሰፈሩ ግን ከበደው። እናቷ በአማርኛ ስታናግራት በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ፣ የሰው አገር ገበሬ ቋንቋ ሞተ ብላ እንቅልፍ ታጣለች ተብሎ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ በርክ በስልክ ተወርቷል። ማን አወራው አትበሉኝ። ስልኩ ነው።

ራህመት ሮክቪል አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ስንት ሽማግሌ እያገላበጠች፣ እያጠበች ነው ልጅ ያስተማረችው። ዘንድሮ ሰሚራ ትምህርቷን ልትጨርስ ነው ተባለ። ኦሪገን ያለ ኮሌጅ ደግሞ ለሰሚራ "ዶክትሬትሽን ይዘሽ በመስከረም ከመጣሽ ማስተማሪያው ቦታ ያንቺ ነው" ብሏታል። በቃ፣ ራህመት ለዘመድ ለወዳጅ ተናገረች፤ ለምርቃቱ ለእኛ ለጎረቤቶቿ አንድ ዓይነት ጥልፍ ቀሚስ ከአዲስ አበባ አስመጣች። ልጇ ሥራ የያዘች ፕሮፌሰር ልትሆን ነው፤ ከዚያ ወዲያ "ምን እየተማረች ነው?" የሚል ሰው ካለ ይምጣ።

ይሄኔ ነው እንግዲህ የመመረቂያ ጽሑፏን ከሚፈትኑት አንዱ "አልፈርምም" ያለው።

ሰውየው ያን ይባላል፤ ፈረንሳዊ ነው፤ ሱሪያሊስቶቹን የሚያስተምር ትልቅ ሰው ነው። ሰሚራ በጻፈችው አንድ ምዕራፍ ላይ ነው የቆመው። ምዕራፉ እንዲህ ይላል፦ የፓሪስ ጸሐፊዎች የብሬታኝን መንደሮች ተረት፣ ሙታንን በጨለማ እየለቀመ የሚሄደውን ጋሪ ሳይቀር፣ እንደ ራሳቸው ህልም በፈረንሳይኛ ጽፈው ተጨበጨበላቸው፤ በዚያው ዘመን የመንደሩ ወላጆች ቋንቋቸውን አፍረውበት ለልጆቻቸው ሳያወርሱት ቀሩ። ፕሮፌሰሩ ይህ ልክ አይደለም፣ እንደገና ይጻፍ አለ። እንደገና ማለት አንድ ዓመት ነው። ኦሪገን ደግሞ አንድ ዓመት አይጠብቅም።

ራህመት ይህን ስትሰማ የገባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውየው ልጇን ተቀይሟታል። የተቀየመ ሰው ምን ይደረጋል? ሽማግሌ ይላክበታል። እኔም "እሱስ ልክ ነሽ" አልኳት። ሁለታችንም ይህ ነገር ፈረንጅ ላይ ይሠራ አይሠራ አላሰብንም። ሰው አይደለም እንዴ?

ሽማግሎቹን መረጥን። አንደኛው ሐጂ ሰይድ ናቸው፤ የወሎ ሰው፣ ዕድሜያቸውን ታክሲ ነድተው ያረፉ፣ ከሎረል እስከ አሌክሳንድሪያ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። ሁለተኛው አቶ ደምሴ፤ በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ባቡር ላይ ሲሠሩ ፈረንሳይኛ የለመዱ። ፈረንሳይኛቸው የትኬትና የሻንጣ ነው ይባላል፤ ቢሆንም ፈረንሳይኛ ነው። ሴት ሽምግልና አትገባም፤ እኔ ሾፌር ነኝ። የሰውየውን ቤት ሰሚራን ለግብዣ ስናደርስ አይተነዋል። ሰሚራ አልተነገራትም።

ቅዳሜ ጠዋት በቤልትዌይ፣ በቀለበት መንገዱ፣ ዞረን፣ ድልድዩን ተሻግረን አሌክሳንድሪያ ገባን። ሁለቱም ከሱፍ ልብሳቸው በላይ ጋቢ ደርበዋል። "አንቺ መኪና ውስጥ ቆዪ" ተባልኩ፤ ቆየሁ፤ ትንሽ። ከዚያ ሽንት ቤት መሄድ አስፈለገኝ። በሩ ደግሞ ክፍት ነበር።

ስገባ ሁለቱ ሽማግሎች ሳሎኑ መሐል ቆመዋል፤ ፕሮፌሰሩ፣ ቀጭን ረጅም ሰው ነው፣ ክርኑ ላይ የሳሳ ሹራብ ለብሶ፣ ወንበር እያመለከተ ይለምናቸዋል። አይቀመጡማ! ጉዳዩ ሳይሰማ ሽማግሌ ይቀመጣል? ቡና አመጣ፤ አልነኩም። ኬክ ቆረሰ፤ አላዩትም። ሰውየው ምን እንዳጠፋ ጠፋው፤ ጆሮው ቀላ።

አቶ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠርገው በዚያ በባቡር ፈረንሳይኛቸው ጀመሩ። ፕሮፌሰሩ መጀመሪያ ሃይማኖት ሊሰብኩት የመጡ መስሎት ነበር፤ ኋላ ገባው።

"እኔ ከሰሚራ ጋር ጸብ የለኝም። ጎበዝ ልጅ ናት። ችግሩ ምዕራፉ ነው" አለ፤ አቶ ደምሴ ተረጎሙት።

ሐጂ አሰቡና፣ "እንግዲያው ምዕራፉን ይቅር ይበሉት በሏቸው" አሉ።

ፕሮፌሰሩ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ሰበሰበና "ይህ በእኔ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ ከሌሎቹ ፈታኞች ጋር ልማከር" አለ።

ወጣን። እኔ መኪናውን አስነስቼ ልቤ ተሰብሯል፤ እነሱ ከኋላ ወንበር እንደ ሙሽራ ሚዜ ደስ ብሏቸዋል።

"እምቢ አለ እኮ" አልኳቸው።

"ምን እምቢ አለ? ልማከር ነው ያለው" አሉ ሐጂ። "በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? የጨዋ ልጅ ነው፤ ተመለሱ እያለን ነው።"

"ሥርዓት ያውቃል" አሉ አቶ ደምሴ።

ሰሚራ ሰኞ ዕለት ከፕሮፌሰሩ ሰማች። እናንተዬ! ከፎቃችን ኮሪደር ላይ ነው የጀመረችው። "ማም፣ አር ዩ ሲሪየስ? ሁለት ሰው በጋቢ ቤቱ ላክሽበት? ሰው ከትምህርት የሚባረርበት ነገር ነው ይሄ! አስፈራራችኝ ብሎ ቢከስስስ?"

"ማን አስፈራራው? አልተቀመጡም እኮ!" አለች ራህመት።

ሰሚራ ይቅርታ ልትጠይቀው በሚቀጥለው ቅዳሜ ልትሄድ ነው ተባለ። ሐጂ ይህን ሲሰሙ "እሰይ፣ እኛም የምንመለሰው ያኔ ነው፤ ብርቄ ታደርሰናለች" አሉ። ልጅቱ ሐጂን አንቱ ብላ ያደገች ናት፤ አይሆንም ማለት አቃታት። ከፊት ከጎኔ ተቀምጣ ድልድዩን እስክንሻገር ግንባሯን በመዳፏ ይዛ ነበር።

ፕሮፌሰሩ በዚህኛው ቀን ተዘጋጅቶ ጠበቀን። ከአገሩ የመጣ የፖም ጠላ ቢጤ በሴራሚክ ስኒ ቀድቶ ደርድሯል። ሐጂ አሽትተው መጠጥ መሆኑን ሲያውቁ እንደ ነውር አዩት። ውኃ መጣላቸው፤ እሱንም አልጠጡም። ሰሚራ "አይ አም ሶ ሶሪ" ብላ ስትጀምር ሐጂ እጃቸውን አነሱ።

"ቆይ ልጄ። አቶ ደምሴ፣ እንዲህ ይበሏቸው። ጸብ የለኝም ብለዋል፤ ሰምተናል። ቅሬታስ? ሰው ቅሬታውን ሳይነግረን ቤቱ አንቀምስም።"

አቶ ደምሴ ተረጎሙ። ፕሮፌሰሩ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። እኔ በሩ ጋ ነኝ፤ ከእኔ ጋር ማንም ጉዳይ የለውም፤ ስለዚህ ፊቱን በደንብ አየሁት። የተማረ ሰው ፊት መሆኑ ቀርቶ የልጅ ፊት ሆነ።

በመጨረሻ ተናገረ። እናቱ የብሬታኝ ገበሬ ልጅ ነበሩ። ማዕድ ቤት ከእህታቸው ጋር በብሬቶን ያወሩ ነበር፤ እሱ ሲገባ ወሬው ወደ ፈረንሳይኛ ይዞራል። ምን እያላችሁ ነበር ሲላቸው "ምንም" ይሉታል። ልጅ ሆነው ትምህርት ቤት ውስጥ ቋንቋቸውን ሲናገሩ ተይዘው ምን እንደደረሰባቸው የነገሩት ሊሞቱ ሲሉ ነው። "ሰሚራ ወላጆቹ አፍረው ተዉት ብላ ጻፈች። እናቴ አላፈረችም። እኔ እንዳልመታ ነው ዝም ያለችው" አለ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ህልም ሲያስተምር እሱ ራሱ ያንን ቋንቋ በህልሙ ይሰማዋል፤ አንድ ቃል አይገባውም።

አቶ ደምሴ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ የትኬትና የሻንጣ ፈረንሳይኛ እዚህ ድረስ መምጣቱ እሳቸውንም ሳይገርማቸው አልቀረም።

"ለምን አልነገርከኝም?" አለችው ሰሚራ።

"አልጠየቅሽኝም።"

"ይኸው!" አሉ ሐጂ፤ ቅሬታው ተገኘላቸው። "ልጄ፣ ይቅርታ በያቸው፤ እሳቸውም ይፈርማሉ።"

ሰሚራ ግን የራህመት ልጅ ናት፤ ድርቅ አለች። "ዓረፍተ ነገሩን አልሰርዝም፤ ያፈሩም አሉ፣ ራሳቸው ነግረውኛል። የእናትህን ግን ከጎኑ እጽፋለሁ። አንተ ንገረኝ፤ ምዕራፉን እንደ አዲስ እሠራዋለሁ።"

ፕሮፌሰሩ እጁን ዘረጋላት። ሐጂ መረቁ፤ ተቀመጡ፤ ውኃቸውን ጠጡ፤ ኬክም በሉ። እንዲህ ያለ እርቅ አይቼ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ማንም ልብ አላለውም፤ ምዕራፉን እንደ አዲስ መሥራት ማለት ያው አንድ ዓመት ነው።

ማታውን ለራህመት ሁሉንም ነገርኳት። ፕሮፌሰሩ ስለ እናቱ ያለውን ስነግራት ዝም አለች፤ እኔ ስለ ኦሪገኑ ሥራ መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ አፏን ስትከፍት ግን ለሐጂ ደውላ "አስታርቁልኝ እንጂ አስቀሩልኝ አልኩ?" አለቻቸው። ሐጂም "እኛ የተላክነው ለቅሬታው ነው፤ ለምዕራፉ ሌላ ሽማግሌ ላኪ" ብለው ዘጉ።

ኦሪገን ለቦታው ሌላ ሰው ቀጠረ። ሰሚራም በየቅዳሜው አሌክሳንድሪያ እየሄደች የሰውየውን እናት ታሪክ መቅዳት ጀመረች።

ባለፈው ቅዳሜ እኔና ራህመት አልጋዋ ላይ ልብስ እናጥፋለን። ሰሚራ መቅጃዋን ይዛ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ ከታለች።

"የዚያን ሰውዬ እናት ልትሰሚ?" አለች ራህመት።

"ማም፣ እሳቸው እኮ ሞተዋል። እሱን ነው።"

"እኔስ?"

"አንቺ እኮ አለሽ።"

"ካልሞትኩ አልጠየቅም ማለት ነው?"

ሰሚራ በአንድ እግር ጫማ ቆማ ቀረች። ከዚያ ለእናቷ ደስ ይበላት ብላ ይመስለኛል፣ ተቀመጠችና በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ "እሺ። አንቺ ትንሽ ልጅ ስትሆኚ ቤት ውስጥ አማርኛ ምን ምን ነበር የምታወሩት?" አለቻት።

ራህመት የያዘችውን አንሶላ አጠፈች። "አማርኛ አልነበረም" አለች።

እኔም ሰሚራም እኩል ቀና አልን።

"አርጎብኛ ነው። አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ስገባ ተውኩት። የሚስቁም ነበሩ፤ የሚስቅ የሌለበትም ቦታ ነበር፤ እዚያም ዝም ብዬ ተውኩት።" ቀጥሎ አንድ ነገር ተናገረች፤ ሁለት ቃል ይሁን ሦስት አላውቅም፤ አንገቷን ወደ ትራሱ ደፍታ፣ ለራሷ። ስንትና ስንት ዓመት ግድግዳ ተጋርቼ፣ የመድኃኒቷን ስም ሳይቀር የማውቅ ሴት ነኝ። ይህንን አላውቅም። ሰሚራ "ምን ማለት ነው?" ስትል ራህመት "ምንም" አለቻት፤ ወዲያው ግን የራሷ መልስ ለጆሮዋ ከበዳት መሰለኝ፣ ከአልጋው ጫፍ ልብሱን ገፍታ ለልጇ ቦታ ለቀቀችላት።

ሰሚራ ጫማዋን አወለቀች፤ ለፕሮፌሰሩ ዛሬ አልመጣም ብላ ቴክስት አደረገችለት፤ መቅጃውን አንሶላው ላይ አስቀመጠችው። እኔን "እትዬ ብርቄ፣ ዛሬ ለብቻችን" አለችኝ፤ ወጣሁ። የጀመረችውን ሳትጨርስ ሌላ ጀምራለች ማለት ነው። እንግዲህ ዘንድሮም ሆነ የሚመጣው ዓመት ምርቃት የለም። "ልጅቷ ምን እየተማረች ነው?" ያላችሁኝ እንደሆነ፣ እኔ በበኩሌ የምሰጠው መልስ የለኝም፤ እናቷን ጠይቁ።