የእናቴ ቅቤና የሸምሱ ክኒን

«እጅህን ከጣሳው ላይ አንሳ!»

«ሐኪም ያዘዘው ነው እኮ!»

«ሐኪሙ የእናቴን ቅቤ ብሎ አዘዘ?»

«ቅባት ካለው ምግብ ጋር ዋጠው ነው ያለኝ። ከዚህ የበለጠ ቅባት ካወቅክ ጥራ!»

አንባቢዬ፣ የዚህ ኮሮና የሚሉት ወረርሽኝ ትልቁ ጦስ ሳል እንዳይመስልህ... ሰውን ሁሉ ሐኪም ማድረጉ ነው! ሸምሱ በዚህ በስደት አገራችን፣ ዳቬይተን በሚባል ሰፈር ስፓዛ የሚሏት ትንሽ ሱቅ አለው፤ ሮዘተንቪል በሚባለው ሰፈር ደግሞ ከእኔና ከግጥሞቼ ጋር አንድ ቤት ይኖራል። ሐኪሙ ቫይታሚን ዲ አዘዘለትና በስልክ አስረዳው፤ «ክኒኑ ውሃ ውስጥ አይሟሟም። ከአንጀትህ ወደ ደምህ የሚያሻግረው ቅባት ነው። ክኒኑን ተሳፋሪ፣ ቅባቱን ታክሲ በለው።»

ለነጋዴ እንዲህ ያለ ምሳሌ ይሰጣል? ወዲያው ሥምሪት ጀመረ!

እኔ ደግሞ አውሮፕላን ቆሞ እናቴ ከአገር ቤት የምትልክልኝ ቅቤ ከተቋረጠ ወዲህ ያለችኝ ያቺው አንድ ጣሳ ናት። ሽሮዬን እንኳ ቅቤውን አሳይቼው ነበር የምመልሰው።

«አቮካዶ አለልህ» አልኩት።

«መንገድ ላይ ይበላሻል።»

«የኦቾሎኒ ቅቤስ?»

«ላንቃ ላይ ይቆማል። ታክሲ ነው የምልህ፣ ፓርኪንግ አይደለም!»

«እሺ ማርጋሪን! ሱቅህ ሙሉ ነው።»

«የምሸጠውንማ አውቀዋለሁ» አለ ፊቱን አጨማዶ።

ተሸነፍኩ። «አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ!»

«አንድ ታክሲ? ፖሊስ ቢያስቆመውስ?»

«ደግሞ ዘንድሮ ታክሲ ሞልቶ መጫን ክልክል ነው» አልኩ፣ ያሸነፍኩ መስሎኝ።

«አየህ! ስለዚህ ታክሲው መብዛት አለበት!»

የሾርባ ማንኪያ አነሣ። አንድ ታክሲ ገባ... ሁለተኛው ተከተለ... ሦስተኛው ላይ ዓይኑን ጨፈነ። ኮረሪማው እየሸተተኝ ጣሳው እስከ ታች ተፋቀ። በመጨረሻ ጣቱን ላሰና ደረቱን ዳበሰ።

«አልሐምዱሊላህ! ይኸው ደረሰ።»

ጠረጴዛውን አየሁ። ክኒኑ ከውሃው ብርጭቆ አጠገብ ጉብ ብሏል።

«ሸምሱ...»

«አቤት?»

«ታክሲዎችህ ባዷቸውን ሄደዋል።»

ክኒኑን አየ። ጣሳውን አየ። «ግድ የለም፣ መንገድ ላይ ይደርስባቸዋል» ብሎ ክኒኑን ሊያነሣ ሲል፣ ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር ማርሽ ቀየረ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምነው፣ ቆሙ እንዴ?»

«ኧረ... ሁሉም ባንዴ መጡ!»

ሆዱን ይዞ ወጣ። የመጸዳጃ ቤቱ በር ድው ብሎ ተዘጋ።